የቅዳሜ በሮች

ኮለምበስ፣ ኦሃዮ
ጃንዋሪ 23 ቀን 2025

ለውድ አክስቴ፣ ለእትዬ አይናለም

እንኳን ከጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የደሴ ብርድስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ሰኞ ዕለት በጎረቤትዎ በሔርሞን ቴሌግራም ደረሰኝ። ሦስቱንም ገጽ ጥሩ አድርጋ ፎቶ አንስታዋለች፤ ቁጣዎ ምንም ሳይደበዝዝ ነው የደረሰኝ።

በስልክ ባስረዳዎት እንዴት ደስ ባለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በቴሌ ኦፕሬተርነት የሰው ድምፅ ሲያገናኝ የኖረ ጆሮ እንዲህ ጭር ማለቱ ያሳዝነኛል። ቢሆንም በጽሑፍ ጊዜ ወስዶ ማሰብ ይቻላል፤ ዛሬ ደግሞ ማሰብ ያስፈልገኛል።

በመጀመሪያ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ልነግርዎ የሚገባኝን ነገር ከወልደየሱስ መስማትዎ ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ በክፋት አይደለም የነገረዎት፤ የአገር ልጅ ስለሆነ ተጨንቆልኝ ነው። «ጣዖት ቤት ገባሽ ወይ?» ላሉኝ አልገባሁም ብዬ አልዋሽም። በየቅዳሜው ጫማዬን አውልቄ እገባለሁ። የምገባው ግን ወደ ኩሽናው ነው።

ቦታው ፍራንክሊንተን የሚባል፣ ከመሀል ከተማው በወንዝ የሚለይ የድሮ ሰፈር ውስጥ ነው። ድሮ ምንጣፍ መሸጫ የነበረውን ቤት የቡድሃ እምነት ተከታዮች ገዝተው የጸሎትና የእርዳታ ማእከል አደረጉት። በየቅዳሜው ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ትኩስ ምግብ ሠርተው በየቤታቸው ያደርሳሉ፤ ስድሳ አንድ ቤት። ሃይማኖትህ ምንድነው ተብሎ የሚጠየቅ የለም፣ የሚበላውም የሚያበላውም። አንድ ነገር ግን ይወዱታል ብዬ አስባለሁ፦ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የሚባል እዚያ ኩሽና አይገባም። ዓመቱን ሙሉ የጾም ነው።

የወሰደችኝ ሙኒራ ናት፤ ኒው አልባኒ ዌርሀውስ፣ ዕቃ መጋዘኑ ውስጥ፣ አብራኝ የምትሠራው የጅማ ልጅ። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ የሚረዳት ሰው ቀርቶባት «ነይ እስቲ» አለችኝ። ሄድኩ፤ ደግሜም ሄድኩ። ኅዳር ላይ አስተባባሪዋ ወደ ሌላ ስቴት ስትዛወር እማሆይ ሊየን አስጠሩኝና ቦታውን ያዢ አሉኝ። እማሆይ የምላቸው የማእከሉን ኃላፊ ነው፤ ቬትናማዊት መነኩሲት ናቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው። ሌላ ምን ብዬ እንደምጠራቸው አላውቅም። «እኔ የእናንተ እምነት ተከታይ አይደለሁም» አልኳቸው። «በሰዓትሽ ትመጫለሽ» አሉኝ። ሌላ ምክንያት አልሰጡኝም።

ደሞዝ የለውም። ማን ያበስላል፣ ማን ያሽጋል፣ ማን በየትኛው መስመር ይነዳል፣ የቀረውን ማን ይተካል፣ እሱን ነው የምወስነው። ሠላሳ አራት በጎ ፈቃደኞች አሉኝ። እትዬ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ዌርሀውስ ውስጥ ስካነር ይዤ ስመላለስ አንድም ሰው «ምን ይመስልሻል?» ብሎኝ አያውቅም። እዚህ ግን ቅዳሜ ጠዋት በሩን ስከፍት ሠላሳ አራት ሰው «ሐምራዊት፣ እኔ የት ልሁን?» ይለኛል። ይህን አልተውም። ቢቆጡኝም አልተውም።

የምትወድዎ ልጅዎ
ሐምራዊት


ደሴ
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሐምራዊት

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጉልበቴ እንደ ዕድሜው ነው። ብርዱ ጠንቷል፤ ስለ ብርድ ላወራሽ ግን አልጻፍኩም።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስቆጣ፣ ቀጥሎ ስበርድ። «አልተውም» የሚለውን ቃል ከአፍሽ ስሰማ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው በአሥር ዓመትሽ፣ አባትሽን ቀብረን ወደ ቤቴ ያመጣሁሽ ቀን ነው። የእሱን ካፖርት ለብሰሽ አላወልቅም ብለሽ ግንቦትን ከነሙቀቱ ከርመሻል። ስለዚህ ተይ ብዬ ጊዜ አላባክንም።

የምጠይቅሽን ግን በግልጽ መልሽልኝ። ትሰግጃለሽ ወይ? ማተብሽ አንገትሽ ላይ ነው ወይ? እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የተውሽው በዚህ ምክንያት ነው ወይስ ወልደየሱስ አጋኖ ነው? የዓመቱ ሙሉ ጾም የሚለው ደስ ብሎኛል፤ ሆኖም የምግብ ጾም ብቻውን ሃይማኖት አይሆንም።

ሌላም አለ። ይህን የምጠይቅሽ እንደ አክስት አይደለም፣ ሥራ እንደሚያውቅ ሰው ነው። ስድሳ አንድ ቤት ብለሻል። መድረሱን ማን ያረጋግጣል? ዝርዝሩ የማን እጅ ላይ ነው? ለአንድ ሰው ይህን ያህል መሸከም አይከብድም?

በጸሎት አስብሻለሁ።

አክስትሽ አይናለም


ኮለምበስ
ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2025

ለእትዬ አይናለም

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አልሰግድም። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። እሑድ የቀረሁት ሺፍቴ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ስለሆነ ነው፤ ወልደየሱስ ይህን ያውቃል።

እዚህ በረዶው በርትቷል። መኪናዬን ጠርጌ ለማስነሳት ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል።

አስተባባሪነቱን ሳልተወው አልቀርም። እንዳሉት ለአንድ ሰው ይከብዳል።

ለሔርሞን ሰላምታዬን ይንገሩልኝ።

ሐምራዊት


ደሴ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐምራዊት፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ አንቺ ግን አልደረስሽኝም።

በጥር አራት ገጽ ጽፈሽ «ቢቆጡኝም አልተውም» ያልሽ ልጅ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ስለ በረዶ ጽፋልኝ «ሳልተወው አልቀርም» ትላለች። ከጠየቅሁሽ ጥያቄ ሁሉ የሃይማኖቱን መልሰሽ የዝርዝሩን ዘለልሽው። እኔ ሰው መስመር ላይ ሆኖ ሲያለቅስ በትንፋሹ የማውቅ ሴት ነበርኩ። ጆሮዬ ቢደፈንም ዓይኔ አለ። የእጅ ጽሑፍሽ ራሱ ወደ ታች አዘንብሏል።

ሰው ሞተብሽ? ሰው በደለሽ? ወይስ አንቺ በደልሽ?

የሆነውን ጻፊልኝ። እንዳልቆጣሽ ብለሽ እንዳታሳጥሪው። ቁጣዬን በሌላ ጊዜ እናየዋለን።

አይናለም


ኮለምበስ
ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025

ለእትዬ አይናለም

ከጥያቄዎቹ ሦስተኛው ነው። እኔ በደልኩ።

ሚስተር ሬይ የሚባሉ ሰው አሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍራንክሊንተን የኖሩ፣ የጠርሙስ ፋብሪካ ጡረተኛ። ሚስታቸው ሞታለች። ሴት ልጃቸው ዴብራ ከዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል በመኪና በሚያስኬድ ከተማ ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ምግቡን ሲቀበሉ ክዳኑን ገለጥ አድርገው «ሥጋውን የት ረሳችሁት?» ይላሉ። ሁልጊዜ። እኛም ሁልጊዜ እንስቃለን።

ፌብሩዋሪ አንድ ቅዳሜ ነበር። የእሳቸው መስመር የሙኒራ ነው። ቀትር ላይ ቴክስት አደረገችልኝ፦ «ሚስተር ሬይ አልከፈቱም። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ቲቪው ይሰማል። ምን ላድርግ?» በዚያች ደቂቃ ሁለት ሹፌሮች ቀርተውብኝ፣ አንዱ መኪናው በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ እኔ በሁለት ስልክ እያወራሁ ነበር። «በሩ ላይ አንጠልጥዪው፣ ቀጥዪ» አልኳት። «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። «እሺ በቃ ሂጂ» አልኳት። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ካለው ዝርዝር በስማቸው ትይዩ «ደረሰ» የሚለውን ነካሁ። ስድሳ አንዱም ቤት አረንጓዴ ሆነልኝ። ደስ አለኝ፣ እትዬ። ያን ዕለት ሁለት ሹፌር ጎድሎኝ ስድሳ አንድ ቤት አደረስኩ ብዬ ኮራሁ።

ሚስተር ሬይ ዓርብ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ሙኒራ ስታንኳኳ ኮሪደሩ ላይ ተኝተው ነበር። ሰኞ ፖስታ የሚያድለው ሰው የተንጠለጠለውን ከረጢት አይቶ ፖሊስ ጠራ። ሦስት ቀን ውሃ ሳይቀምሱ!

አልሞቱም። ሆስፒታል ከርመው አሁን ማገገሚያ ቦታ ናቸው። ነገር ግን ለነርሷ ምን እንዳሏት ሰማሁ፦ ማንኳኳቱን ሰምተዋል። ተጣርተዋል። ቲቪው በልጦባቸው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙኒራ ሥራ ቦታ አጠገቤ ቆማ ትሠራለች፤ አታናግረኝም አልልም፣ ታናግረኛለች፤ ዓይኔን ግን አታይም። የማእከሉ ቦርድ ማርች አምስት ሊሰበሰብ ነው። የሚወራው ሙኒራን ለማስወጣት፣ እኔን ለማስጠንቀቅ፣ ለቤተሰቡም ምንም ላለመናገር ነው፤ ኢንሹራንሱ እንዳይነካ። ዴብራ እስከ ዛሬ የምታውቀው ምግቡን ያመጣ ሰው በሩ ላይ ትቶት መሄዱን ብቻ ነው። ትተሽው ሂጂ ያለው ማን እንደሆነ አታውቅም።

እኔ ከስብሰባው በፊት ቁልፉን መልሼ ልወጣ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሰው ለሚያምነው ሰው ነው የሚሆነው።

ሐምራዊት


ደሴ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሐምራዊት፣

ሁዳዴ ገብቷል፤ ሆድ ባዶ ሲሆን እውነት ለመናገር ይቀላል። ለነፍስ አባቴም ሆነ ለማንም ያልነገርኩትን ልነግርሽ ነው።

በ1981 ዓ.ም. አንዲት ሴት ከሐይቅ በእግሯ ደሴ ቴሌ መጣች። ባሏ ታሟል፤ ልጇ አሰብ ወደብ ይሠራል፤ ድረስ ልትለው ነው። የወደቡን መሥሪያ ቤት ቁጥር በብጫቂ ወረቀት ይዛለች። አሰብን ጠራሁላት። ጮኸ፣ ጮኸ፣ የሚያነሳ የለም። ከኋላዋ ሃያ ሰው ተሰልፏል። ጥሪውን ዘጋሁና «የለም» አልኳት። «ከአሰብ ለቋል ማለት ነው?» አለችኝ። እኔ ወደሚቀጥለው ሰው ዞሬ ስለነበር፣ ራሴን ነቀነቅሁላት። ምን ብዬ እንደነቀነቅሁ ዛሬም አላውቅም። አመስግናኝ ሄደች።

ልጁ ከአሰብ አልለቀቀም ነበር። ስልኩ ያለበት ክፍል ጠባቂ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነው። አባትየው ልጁ የት እንደገባ ሳያውቅ ሞተ። በዓመቱ ልጁ መጣና መስኮቴ ላይ ቆመ። «ለእናቴ የለም ያላት ማን ነው?» አለ። አልጮኸም፤ በጨዋ ደንብ ነው የጠየቀኝ። እኔም በጨዋ ደንብ «ብዙ ሠራተኛ ነው ያለን፣ አላውቅም» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ስልክ ሳይነሳ ሲቀር መዝገቤ ላይ «አልመለሰም» ብዬ ነው የምጽፈው። «የለም» ብዬ ጽፌ አላውቅም። ለባለጉዳዩም እንደዚያው እነግራለሁ፣ ከሰዓት ተመለስ፣ ደግሜ እሞክራለሁ እላለሁ። ሥራዬን አስተካክዬ ሠራሁ። ያን ልጅ ግን ፈልጌ «እኔ ነኝ» አላልኩትም። ሥራ ማስተካከል አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ፊት መቆም ሌላ ነው። ሁለተኛው ቀርቶብኝ ይኸው ሰባ ደረስኩ።

አንቺ ሁለቱንም ታደርጊያለሽ። ቁልፉን መልሰሽ መውጣት ትሕትና ይመስልሻል፤ እኔ ግን መስኮቱን ዘግቶ እንደመሄድ ነው የማየው። ስድሳዎቹ ቅዳሜ ማን ይጠራቸዋል? ሂጂና የሰውዬውን ልጅ «ሂጂ ያልኩ እኔ ነኝ» በያት። ሙኒራንም ከስብሰባው በፊት አንድ ቀን አስቀድመሽ ፊት ለፊት ይቅርታ ጠይቂያት። ከዚያ ዝርዝርሽን ቁጭ ብለሽ እንደገና ሥሪው። ያልከፈተ ሰው «ደረሰ» ተብሎ የሚጻፍበት ዝርዝር ዝርዝር አይደለም።

እማሆይ ያልሻቸውን ሴትዮ ሰላም በይልኝ።

አይናለም


ኮለምበስ
ማርች 13 ቀን 2025

ለእትዬ አይናለም

ደብዳቤዎን ዌርሀውሱ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስለዚያ ልጅ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።

ወደ ሙኒራ የሄድኩት በማግስቱ ነው። ሁለታችንም ፎረስት ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው የምንኖረው፤ ሁለት መንገድ ነው የሚለየን። በሩን ከፈተችና ሳታስገባኝ ደጃፉ ላይ አቆመችኝ። «'እርግጠኛ ነሽ?' ስትዪኝ መስማት ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቦርዱ ፊትም እላለሁ» አልኳት። «እኔም እጄ መያዣው ላይ ነበር፤ ክፍት ይሁን ዝግ ይሁን ሳልሞክረው ነው የሄድኩት» አለች። ከዚያ «ግቢ፣ ቤቱ እየቀዘቀዘ ነው» አለችኝ።

ስብሰባው ላይ ሰብሳቢው ሦስት ነገር አቀረቡ። ሙኒራ ትሰናበት፣ ከቤተሰቡ ጋር ማንም አይነጋገር፣ ቤት ለቤት ማድረሱም ይቁም። ደግ ሰው ናቸው፤ ማእከሉን ሊያድኑ ነው። እጄን አወጣሁ። እንግሊዝኛዬ እንዳይሰናከልብኝ በወረቀት ጽፌ ነበር፤ ወረቀቱን ግን አላየሁትም።

«ሙኒራ ጠይቃኛለች፤ ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። የሚሰናበት ካለ እኔ ነኝ» አልኩ። «ብታሰናብቱኝም ባታሰናብቱኝም ነገ ሚስተር ሬይ ጋ እሄዳለሁ።»

«በማእከሉ ስም መሄድ አትችዪም» አሉኝ።

«በራሴ ስም ነው የምሄደው።»

እማሆይ ሊየን ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። «ሾርባውን ያበሰለው ማን ነበር?» አሉ።

«እኛ ነን» አሉ ሰብሳቢው።

«እንግዲያውስ እኔም እሄዳለሁ።»

ክርክሩ በዚህ አለቀ። ሙኒራ ቀረች። ማድረሱን ግን ቦርዱ ለጊዜው አቁሞ ቁርጥ ያለ ነገር ነገረኝ፦ እያንዳንዱ በር ላይ ሁለት ሰው ማቆም ከቻልኩ ማርች ሃያ ዘጠኝ ይጀመራል፤ ካልቻልኩ ለዘለቄታው ይዘጋል።

በማግስቱ ወደ ማገገሚያው ሄድን። እማሆይ ከውጭ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ አይ፣ እዚህ አያስፈልግም አልኳቸው። ሚስተር ሬይ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፈዋል፤ በጣም ከስተዋል። ዴብራ መስኮቱ ጋ ቆማለች፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ረጅም ሴት። ሳልቀመጥ ነገርኳት። ቴክስቱን፣ መልሴን፣ አረንጓዴውን።

«አባቴ መሬት ላይ ተኝቶ አንቺ 'ደረሰ' ብለሽ ጻፍሽ?»

«አዎ።»

«አይተሽው ሳታውቂ?»

«አዎ።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። ጀርባዋን ሰጥታን «ቅዳሜ ደውዬ አላነሳም» አለች። «ተኝቶ ይሆናል አልኩ። እሑድም ደወልኩ። እሑድም ተኝቶ ይሆናል አልኩ።» ከዚያ ዞራ «ስለነገርሽኝ ይቅር እልሻለሁ ብለሽ እንዳታስቢ» አለችኝ። «ይቅርታ ልቀበል አልመጣሁም፤ እንድታውቂ ነው» አልኳት። «አወቅኩ። አሁን ውጡልኝ» አለች።

ልንወጣ ስንል ሚስተር ሬይ ጠሩን። ድምፃቸው ገና አልተመለሰም።

«ያን ዕለት ምን ነበር ያመጣችሁት?»

«የዱባ ሾርባ» አልኳቸው።

«ሥጋ የሌለው?»

«የሌለው።»

«እንግዲያው ብዙም አልቀረብኝም» አሉ።

እሷ አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅሁም። ወደ ራሳቸው ቤት አይመለሱም፤ ዴብራ ወደምትኖርበት ትወስዳቸዋለች። ደጅ ስንደርስ እማሆይ ክንዴን ያዝ አድርገው «ስንት ሰው ይጎድልሻል?» አሉኝ። ይኸው ነው ያሉኝ።

አሥራ ሁለት መስመር አለን። በመኪና ሁለት ሁለት ሲሆን ሃያ አራት ሰው ይፈልጋል። ለማድረስ ያሉኝ አሥራ አራት ናቸው፤ የቀሩት የኩሽና ናቸው። አሥር ሰው በሁለት ሳምንት።

ሐምራዊት


ደሴ
መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ነጠላዬን ለብሼ መድኃኔ ዓለም ሄድኩና ደጀሰላሙ ላይ ብዙ ቆየሁ። ስላንቺ ብቻ አልነበረም።

አሥር ሰው አልሽ። ከአሥሩ ሁለቱን፣ ወልደየሱስንና ባለቤቱን፣ እኔ ልኬልሻለሁ። ለወልደየሱስ ራሴ ጻፍኩለት። «ልጄ የት እንደምትገባ ተከታትለህ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ ተከትለሃት ግባ። ቅዳሜ መኪናህ ቆማ እንደምትውል ሰምቻለሁ። አረጋዊ የሚጠይቅ ክርስቲያን ማንን እንደሚፈራ ንገረኝ» አልኩት። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ አንብቦታል ግን፣ ሔርሞን የቴሌግራሙን ሁለት የማንበብ ምልክት አሳይታኛለች።

አንድ ነገር ልምከርሽ። ፈቃደኛ ስትለምኚ «ብትችሉ» አትበዪ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚቆምበትን በር ንገሪው። ሰው የሚመጣው ቦታው እንደተያዘለት ሲያውቅ ነው።

ስለ ሃይማኖቱ ገና አልጨረስንም።

አይናለም


ኮለምበስ
ማርች 29 ቀን 2025፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ለእትዬ አይናለም

እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፣ ሳልታጠብ ነው የምጽፍልዎ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ዌርሀውሱ ምሳ መብያ ውስጥ ሄጄ «ብትችሉ» ሳልል እያንዳንዱን በስሙ፣ በሰዓቱ፣ በመንገዱ ጠየቅሁ። ሦስት አገኘሁ። ሙኒራ ከመስጊዷ አራት ሴቶች አመጣች፤ የረመዳን ጾም ሳይፈቱ የሰው ምግብ ሊያደርሱ መጡ። ወልደየሱስ ከነባለቤቱ ከጽጌ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። የጸሎት አዳራሹን በር ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ወገቡን ስለሚያመው መሸከም አይችልም፣ ድስት ልጠብ አለ። ሰባት ትልልቅ ድስት ሲፈትግ ዋለ። ስለዚህ ስቆጥር ሃያ ሁለት ሆነ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ሰው ይጎድለኝ ነበር።

አንዷን አገኘሁ፤ ሔርሞንን የምታህል የነርሲንግ ተማሪ ናት፤ ሰሃን ልታጥብ መጥታ የመኪና ቁልፍ ሰጠኋት። አንድ ቀረ። እማሆይ ሊየን ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ አሉና ስልኬን ወሰዱ። «ስልክ ማንሳት እችላለሁ፤ ሂጂ» አሉኝ። ስለዚህ እኔ ራሴ ከጽጌ ጋር ወጣሁ።

አዲሱን ዝርዝር በእጄ ነው የጻፍኩት። ሁለት ዓምድ ብቻ አለው፤ «ከፈቱ» እና «አልመለሱም»። «አልመለሱም» ከተጻፈ ሁለቱ ሰዎች ከበሩ አይነሱም፤ ስልክ ይደወላል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፣ በመጨረሻ የአደጋ ጊዜው 911 ይጠራል። ሹፌሮቹ ይሄ ሁሉ ጊዜ ያስረፍዳል አሉኝ። ይረፍድ አልኳቸው።

የመጀመሪያው በር ተከፈተ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው የሚስስ ዶሪን ነው፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመት፣ አዲስ ተመዝጋቢ። አንኳኳን። ምንም የለም። ጽጌ እጀታውን ሞከረች፤ ተቆልፏል። በመስኮቱ መብራት ይታያል። ደወልኩ፤ ስልኩ ከውስጥ ሲጮህ ይሰማል፣ የሚያነሳው የለም። ከረጢቱን ይዤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«እንሂድ እንዴ?» አለች ጽጌ። የሚቀጥለው ቤት ምግብ እየቀዘቀዘ ነው።

«አንሄድም።»

ጽጌ በቀኝ ያለውን ጎረቤት አንኳኳች፤ ቤት የለም። በግራ ያለው ሰውዬ ጠዋት ቆሻሻ ስታወጣ አይቻታለሁ አለ። አሁንስ? አላውቅም አለ። ሃያ ደቂቃ ሆነ። በቡጢ ደበደብኩት በሩን፤ የመንገዱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ጽጌ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ማርያም ነው። ስልኬን አውጥቼ ዘጠኝ፣ አንድ ስል መቆለፊያው ተሽከረከረ።

ሚስስ ዶሪን ፎጣ አገልድማ ቆማለች። ፀጉሯ በሙሉ የሻምፑ አረፋ ነው፤ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ አንዱን ጨፍናለች። እዚህ ልጽፍልዎ የማልችለውን ስድብ ሰደበችን። ሰው ገላውን መታጠብ አይችልም ወይ፣ ቤቴ ተቃጥሏል ወይ፣ እናንተ እነማን ናችሁ? ጎረቤቶቿ እየሰሙ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ስታወርድብን ቆየች። እኔ ቆሜ ሰማኋት። እንደዚያ ዓይነት ጥሩ ድምፅ በሕይወቴ አልሰማሁም።

«ተመስገን!» አለች ጽጌ ጮክ ብላ፣ በአማርኛ።

«ምንድነው ያለችው?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«እንኳን ከፈቱ ነው የምትለው» አልኳት።

ከረጢቱን ከእጄ ነጥቃ በሩን ደረገመችው። ጽጌና እኔ ደረጃው ላይ ተያየንና ሳቅ ያዘን፤ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያ እስክሪብቶዬን አወጣሁ፣ ጣቴ በብርዱ ስለደነዘዘ ፊደሉ ጠመመብኝ፤ በስሟ ትይዩ «ከፈቱ» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ቤት ይቀረን ነበር። መኪናውን አስነሳሁ።

ልጅዎ
ሐምራዊት